ከውብነሽ ሬዲዮ የወጣው ካፓሲተር

እውነት ነው። ሆኗል። ያላመነ ሰው ይለፈው፣ አልቀየምም... እኔም በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር።

ደግሞ የሌሊት ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ካሉት ሱቆች በአንዱ ውስጥ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች። ውጭ የታክሲ ረዳቶቹ "ሀና ማርያም! ፉሪ! አንድ ሰው!" እያሉ ይጮኻሉ።

እንደዚህ ባለ ሰዓት ሰው ይፈራል ብሎ ማን ያስባል?

ሶሬቲ እባላለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከእኔ ግድግዳ ቀጥሎ የሚካል ሱቅ ነው። ሚካል ኤሌክትሪክ ጊታር ትጠግናለች። "ሴት ልጅ? ጊታር?" የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ፤ ከእናንተ ጋር ስከራከር አልውልም።

ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ጋሽ አምሐ ናቸው። የድሮ ሬዲዮ ሠሪ ናቸው። አሁን ግን ጆሯቸው ከድቷቸው ሱቁ ጥግ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ብሎን ሲለዩ ይውላሉ።

ጨርሰው የደነቆሩ አይደሉም። ቀጭን ድምፅ ነው የማይሰሙት። የሴት ድምፅ፣ የልጅ ድምፅ፣ የስልክ ጥሪ... ምንም። ወፍራም የወንድ ድምፅና የሲኖትራክ ሞተር ይሰማቸዋል። የገዛ ልጃቸውን ድምፅ ከሰሙ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ከንፈሯን እያዩ ነው የሚግባቡት።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይላሉ ራሳቸው እየሳቁ።

እናቷ ውብነሽ ያረፈችው ሚካል የሦስት ወር ልጅ ሆና ነው። ጋሽ አምሐ ሌላ ሴት አላገቡም። ሚካልም ከእሳቸው ሌላ ሰው የላትም። ማታ ሲያስሉ እንኳ ተነስታ ትንፋሻቸውን የምታዳምጥ ልጅ ናት።

እንግዲህ ሚካል የነገረችኝን፣ እንደነገረችኝ ልንገራችሁ።

ማክሰኞ ዕለት ቴዎ የሚባል የባንድ ጊታር ተጫዋች ጊታሩን ይዞ መጣ።

"ሚኪ፣ ድምፁ ጉንፋን ይዞታል" አላት።

ከፈተችው። ጊታር ላይ ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንስ ማዞሪያ አለ፤ ቶን የሚባል ሌላ ማዞሪያም አለ። ቶን ሲወርድ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ ወፍራሙ ይቀራል። ከማዞሪያው ሥር ያለው ዕቃ ፖቴንሾሜትር ነው። ከእሱ ጋር የምትበየደው ካፓሲተር ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ምን ያህል እንደምትበላ ትወስናለች። ትንሿ ትንሽ ትበላለች፣ ትልቋ ብዙ። እንዲህ ብላ ያስረዳችኝ ሚካል ናት፤ ከተሳሳትኩ የእሷ ጥፋት ነው።

ፖቴንሾሜትሩ ላይ አምስት መቶ ኪሎ ኦም ተብሎ ተጽፏል። ስትለካው መቶ ሰማንያ ወጣ። አርጅቷል። በአዲስ ለወጠችው፣ የጊታሩ ድምፅም በራ።

ረቡዕ ቴዎ መጥቶ ሞከረው። ፊቱ አልፈታም።

"በርቷል። ግን ቶኑን ሳወርደው ባዶ ነው። ለትዝታ የሚሆን፣ ወፍራም፣ የሚያለቅስ ድምፅ ነው የምፈልገው። የድሮ ካፓሲተር የለሽም?"

ሃያ ሁለት ናኖ የምትለካ ካፓሲተር ሞከረች። አርባ ሰባት ሞከረች። "አይደለም" ይላል። ቅዳሜ ሠርግ አለበት፣ ቅዳሜ ቀን ላይ ሊወስደው ተስማምተው ሄደ።

ጋሽ አምሐ የዚያን ዕለት ለቅሶ ሄደዋል። ዕቃ የሚያስቀምጡበት ቆርቆሮ ግን እዚያው ነው። ከአሮጌ ሬዲዮ ነቅለው ያወጡት ካፓሲተር ሁሉ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከማን ሬዲዮ እንደወጣ በእርሳስ ይጽፉበታል። አንድ ሕግ አላቸው። "ባለቤቱን የማታውቂውን ዕቃ አትበይጂ።" ለምን ስትላቸው ወደ ብሎናቸው ይመለሳሉ። ሥራ ነው ብላ ለምዳዋለች።

ቆርቆሮው ሥር በክር የታሰረ የክብሪት ሳጥን አገኘች።

ውስጡ አንድ ካፓሲተር። ወፍራም፣ በሰም የተለበጠ፣ ቡናማ። ለካችው፤ ልክ መቶ ናኖ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ቅንጣት አልተዛነፈም።

ወረቀቱ ላይ ስም የለም። ተጽፎ ጠፍቷል።

ብትጠይቃቸው ምን ነበረበት? ግን ቸኮለች... በየደችው።

ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጊታሩን አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካች። ቶኑን ወደ ዜሮ አወረደችና አንድ ክር መታች።

ወይ ድምፅ! ደረቷ ውስጥ ገባ። "ይኸውልህ ቴዎ" አለች ለብቻዋ።

ክሩን በመዳፏ ያዘችው።

ድምፁ አልቆመም።

እም... እም...

"የግራውንዱ ሽቦ ላልቶ ይሆናል" ብላ ሽቦውን ነካካች። ምንም ለውጥ የለም። ያኔ ነው ጥግ ላይ የተቀመጡት ጋሽ አምሐ ቀና ያሉት። ትከሻቸውን ካልነኳቸው ቀና የማይሉት ሰውዬ...

"ማነው?" አሉ።

"ምኑ አባዬ?"

"የጠራኝ።"

ሚካል ዙሪያዋን አየች። በሩ ላይ ማንም የለም። ጊታሩን አየችው። ክሮቹ ማንም ሳይነካቸው ይርገበገባሉ።

ከስፒከሩ ውስጥ ወጣ። ወፍራም ነው... ግን የሴት ነው። ቀጭኑ ሁሉ ተልጦ የቀረ የሴት ድምፅ።

"አምሐ..."

ሶኬቱን ነቀለችው።

"ጊታር አንዳንዴ ሬዲዮ ይጠልፋል" አለቻቸው። እውነትም ይጠልፋል። ራሷን ያጽናናችው በዚህ ነው።

ጋሽ አምሐ ቆርቆሮውን አዩ። ባዶውን የክብሪት ሳጥን አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

በቀትር ስምህን የጠራህን ሳታይ "ወዬ" አትበል ይባላል፤ ካልከው በር ከፈትክለት ማለት ነው። ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ሌላው ግን ቶሎ ሦስት አይደርስም ይባላል። እኛ ሰፈር ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም በሌላ ሌላው ይከራከር እንጂ በዚህ ተጣልቶ አያውቅም።

ዓርብ ሚካል አርፍዳ መጣች። ጋሽ አምሐ ቀድመዋታል። ጊታሩን ራሳቸው ሰክተውታል። ቶኑ ዜሮ ላይ ነው። ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል።

ሰዓቷን አየች። ስድስት።

"አምሐ..."

ትንሽ ቆየ።

"አምሐ..."

ጋሽ አምሐ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ይጠብቃሉ። ሦስተኛውን።

ሦስተኛው ግን የእሳቸው ስም አልነበረም።

"ሚካል..."

ሮጣ ሶኬቱን መነጨቀችው። ካፓሲተሩን ልትነቅል መቁረጫ አነሳች። ጋሽ አምሐ ጊታሩን እንደ ልጅ አቀፉት።

"እንዳትነኪው!"

"አባዬ፣ እሱ ሰው አይደለም!"

"እናትሽ ናት።" ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልነገሯትን ያኔ ነገሯት። "ስትሞት ይህቺ ካፓሲተር የነበረችበት ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ቀትር ላይ ነው። በሰባተኛው ቀን ከሬዲዮው ውስጥ ጠራችኝ። አንዴ... ሁለቴ... ፈራሁ ልጄ። ሦስተኛውን ሳልሰማ ሬዲዮውን ፈታሁት። ይህቺን ብቻ መጣል አቃተኝ። አሁን ከጠራችኝ እመልስላታለሁ። ሦስቴ ትጥራኝ ብቻ።"

ሚካል ፊታቸው ተንበረከከች፤ ከንፈሯን እንዲያዩ።

"አባዬ፣ እማዬ ማን ብላ ነበር የምትጠራኝ?"

ጊታሩን ይበልጥ ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

"ንገረኝ።"

"ምስጢር ነበር የምትልሽ።"

"ሚካል ያለችኝ አክስቴ አፀደ ናት። እማዬ ካረፈች በኋላ። አይደለም?"

"እ..."

"ታዲያ ይሄ ነገር ሚካል የሚለውን ስም ከየት አገኘው?"

ጋሽ አምሐ ብዙ አሰቡ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት መጥቶ ሲሄድ አየችው። ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"እዚያ ሆነው ሁሉን ይሰማሉ። ነቀልሽው ማለት ሁለተኛ ገደልሻት ማለት ነው። ልጄ አይደለሽም።"

እንግዲህ አስቡት። ሐሙስ አንዴ ጠራ፣ ዓርብ ሁለቴ። ቅዳሜስ? ሦስት ከሞላ ሰው ነው ብለው ይመልሱለታል።

ቅዳሜ ቀን ቴዎ ጊታሩን ይወስዳል። እስከዚያ አባቷ እንዳይመልሱ ብቻ! ሌላ ጸሎት አልነበራትም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ አምሐ ጊታሩን ከጉያቸው አላወጡም። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ግን ሽንት ቤት ሄዱ። ሽንት ቤቱ ከብሎኩ ጀርባ ነው፤ በእሳቸው እግርና በከዘራቸው ደርሶ መልስ አሥር ደቂቃ ይፈጃል።

የክብሪት ሳጥኑን ካፓሲተር ብትነቅለው ያውቁባታል። ተከፍቶ እንደሆነ አይተው ነው የሚቀመጡት፤ ሙያቸው ነው።

እሷም ባለሙያ ናት። ቶን ላይ ያለችው ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ ነው የምትበላው። ድምፁ የሚወጣበት መንገድ ላይ የምትገባ ትንሽ ካፓሲተር ግን ወፍራሙን አታሳልፍም፤ ቀጭኑን ብቻ ትለቃለች። አባቷ ደግሞ ቀጭን አይሰሙም።

የገመዱን መሰኪያ ፈታች። ሁለት ናኖ የምትሆን፣ ከምስር የማትበልጥ ካፓሲተር አስገብታ በየደች። ዘጋችው። ላቧ ክሩ ላይ ተንጠባጠበ።

ጋሽ አምሐ ተመለሱ። ካፓሲተሯን አዩ፤ ቦታዋ ላይ ናት። ተቀመጡ።

ቴዎ ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው መጣ። ሰክቶ ሁለት ሦስት ክር መታ።

"ውይ ሚኪ! ይሄማ ትንኝ ነው!"

"ትንሽ ይቀረዋል። ታገሠኝ።"

"ሠርጉ ዛሬ ነው እኮ!"

"ቴዎ፣ በናትህ... አሥር ደቂቃ።"

ፊቷን አይቶ ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጋሽ አምሐ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጠፉ። ውጭ ረዳቱ "ፉሪ! ፉሪ!" ይላል።

ስድስት ሰዓት።

ክሮቹ መርገብገብ ጀመሩ።

"አምሐ..."

ቀጭን፣ የትንኝ ጩኸት የምታህል። ሚካል ሰማች። ቴዎም ሰምቶ "አምፑ ምን ይላል?" አለ። ጋሽ አምሐ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ።

አልሰሙም።

"አምሐ..."

አልሰሙም።

ሦስተኛው ሲመጣ ሚካል ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረችው።

"አምሐ!"

ተቆጥቷል። ስፒከሩ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ አምሐ ጆሯቸውን ከስፒከሩ አነሱና እንደ ሕፃን አለቀሱ።

"ሄደች" አሉ። "አልጠራችኝም። ሄደች።"

በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ።

ብሎኩ በሙሉ "ሄደ!" ብሎ ጮኸ። እኔም ፎቶ ኮፒዬ ወረቀት እንደያዘ ቀጥ አለና ረግሜ ወጣሁ። የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት ጠፋ። ሚካል በዕድሜዋ መብራት በመሄዱ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። መብራት ከሌለ ስፒከር የለም፣ ስፒከር ከሌለ ድምፅ የለም። አለቀ።

ቴዎ ጋሽ አምሐን ደግፎ አወጣቸው። "ጋሼ፣ ይምጡ፣ አየር ይሻልዎታል" ሲላቸው ሰምቻለሁ። እኔ በር ላይ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ውሃም ሰጠኋቸው። ጀርባቸውን ለሚካል ሱቅ ሰጥተው ጎኔ ተቀመጡ።

ሚካል በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን መቁረጫዋን አንስታ ያችን ቡናማ ነገር ቀጭ! አደረገቻት። መሬት ላይ ወደቀች። ትንሿንም ካፓሲተር ከመሰኪያው ነቀለች። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ከኋላዋ፣ ከአባቷ ወንበር በኩል ጠሯት።

"ሚካል።"

ያ የምታውቀው ወፍራም፣ ሻካራ የአባቷ ድምፅ። "ፒንሳውን አቀብዪኝ" ሲሉ የሚጠሩበት።

"ወዬ አባዬ" አለች።

ዞረች።

ወንበሩ ባዶ ነው።

በመስኮቱ መስተዋት አየችን። ጋሽ አምሐ ጎኔ ተቀምጠው ውሃ እየጠጡ ነበር። ጠርሙሱ ከአፋቸው አልተነሳም። እኔ ምስክር ነኝ። እኔ ያየሁት ሚካል ፊቷ አመድ መስሎ መስተዋቱ ጀርባ ቆማ ስታየን ነው።

ምንም አልሆነም። ቤቱ አልተናወጠም፣ ዕቃ አልወደቀም። መብራት መጣ። ሚካል ሃያ ሁለት ናኖ በየደችለት፣ ቴዎም ባይጥመው ሠርጉ ደርሶበታልና ይዞት ሄደ። ቡናማዋን ካፓሲተር ፈለገቻት። መሬቱን ሁሉ ጠረገች። የለችም።

እሁድ ጠዋት ቤታቸው ውስጥ ሚካል ጓዳ ሆና ስታስነጥስ፣ ጋሽ አምሐ ከሳሎን "ይማርሽ" አሏት።

በደስታ ዘለለች። ጆሯቸው ተሻላቸው! ጌታን አመሰገነች። ቸርች ሄዳ ሳይቀር ተናገረች።

ሰኞ ቀን ሱቋ ገባሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ጋሽ አምሐ ጥጋቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ብሎን ይለያሉ። ሚካል ቀለሟ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ያኔ ነው፤ በሹክሹክታ፣ አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ።

"ጆሯቸው ከተሻላቸው ምን ያስፈራሻል?" አልኳት።

"ሶሬ... ቴሌቪዥኑን አይሰሙም። የአንቺንም ድምፅ አይሰሙም። የእኔን ብቻ ነው የሚሰሙት።"

"ልጃቸው ነሻ!"

"ዛሬ ጠዋት መፍቻ ልጠይቃቸው አሰብኩ። አሰብኩ ብቻ። ሳልናገር አቀበሉኝ።"

ልስቅ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ውጭ ረዳቱ ይጮኻል። ሰዓቱን ያየሁት ሳላስበው ነው። ስድስት።

"ሚኪ፣ ነይ እንውጣ" አልኳት።

አልመለሰችልኝም።

ጋሽ አምሐ እጃቸው ቆመ። ራሳቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ።

እኔ የሰማሁት ነገር የለም። በእግዚአብሔር ስም፣ ምንም!

እንደገና አዳመጡ። አንገታቸውን ነቀነቁ። ፈገግ አሉ።

ሦስተኛውንም ሰሙ መሰለኝ፤ ብሎኖቹን ከጭናቸው ላይ አራግፈው፣ ያለ ከዘራ መራመድ የማይችሉት ሰውዬ ቀጥ ብለው ተነሱ።

"ወዬ፣ ውቤ" አሉ። "መጣሁ።"

ወደ ሚካል ዞርኩ።

በሁለት እጇ አፏን አፍናለች። ጣቶቿ ጉንጯ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ጨምቃዋለች። እንባዋ በእጇ ላይ ይወርዳል፣ ዓይኗ "አስቁሚው" እያለ ይለምነኛል...

ከእጆቿ በታች ጉሮሮዋ ይንቀሳቀስ ነበር።